«ሞላ ሞላ ብለሻል»

እናቴ በቪዲዮ ስታወራ ስልኩን አፍንጫዋ ሥር ነው የምትይዘው። የሚታየኝ ግንባሯና አንድ ዓይኗ ብቻ ነው። ባለፈው ዓመት አንድ እሁድ እንዲህ ስናወራ ቆይተን ስልኩን ለእህቴ ልጅ አቀበልኳት። እማዬ የልጅቷን ፊት ትክ ብላ አየችና «እሰይ የኔ እናት! ተመስገን፣ ሞላ ሞላ ብለሻል» አለቻት። ድምፅዋ ሳይቀር ይስቃል።

ልጅቷም ፈገግ ብላ «አሜን እማማ» አለችና ስልኩን መለሰችልኝ። ያን ቀን እራት አልበላችም። በማግስቱ ቁርስም ምሳም የለ። አልበላም ከሚያሰኛት ሕመም ጋር እየታገልን አራት ወር ሙሉ በማንኪያ በማንኪያ ያጠራቀምነው ነገር በአንዲት የደስታ ቃል ተናደ።

እማዬ ምን አጠፋች? ምንም። ሀገር ቤት ሰው ሲገናኝ ከሰላምታው ቀጥሎ የሚመጣው የገላ ወሬ ነው። «ምነው ከሳህ?» ማለት አስቤልሃለሁ ማለት ነው። «ተመችቶሃል» ማለት ደስ ብሎኛል ማለት ነው። በክፋት የሚለው የለም። ለዕረፍት በሄድኩ ቁጥር ከአውሮፕላን ማረፊያ እስከ ቤት ድረስ ክብደቴ ሦስት አራት ጊዜ ይገመገማል፤ ያውም በማላውቀው ሰው ጭምር።

እዚህ ደግሞ ጸጥታ ነው። ሰው በዓይንህ ፊት ግማሽ ቢሆን ማንም ትንፍሽ አይልም። ስለ ሌላው ገላ ማውራት ነውር ነው። ይህን ዝምታ ለዓመታት እንደ ትልቅ ሥልጣኔ ስቆጥረው ኖሬያለሁ። አሁን ግን እንጃ። ዝምታው አንድ ቀዳዳ አለው፤ ክሳት ከሆነ ይመሰገናል። የእህቴ ልጅ መመንመን ስትጀምር ከሰው የሰማችው ነገር ቢኖር «እንዴት አምሮብሻል፣ ምን እያደረግሽ ነው?» የሚል ብቻ ነበር። ምስጋናው የቆመው ከልክ በላይ ስትከሳ ነው። ከዚያ በኋላ ሁሉም አይቶ እንዳላየ አለፈ።

እኔም ከነሱ አልሻልም። አንድ ቤት ነው የምንኖረው፤ እህቴ፣ ልጇና እኔ። ልጅቷ ያኔ 16 ዓመቷ ነበር። በሙቀት ሹራብ ደርባ ስትለብስ «ብርድ አትችልም» አልኩ። «በልቼ ነው የመጣሁት» ስትል አመንኩ። የመታጠቢያ ቤቱ ማፍሰሻ በጸጉር ሲደፈን በእጄ እየጠረግኩ ሻምፖውን ወቀስኩ። ከሁሉም የሚቆጨኝ ደግሞ ማብሰሏ ነው። ለሁላችን ትሠራለች፣ ታቀርባለች፣ «ጨው አነሰው እንዴ?» ብላ ትጠይቃለች። ማታ አልጋዋ ላይ ሆና የምታየው የምግብ አሠራር ቪዲዮ ነው። ምግብ የምትወድ ልጅ እንዴት ልጠርጥራት?

በኋላ ሐኪሟ አንድ ታሪክ ነገረችን። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በ1944 ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አንሰል ኪስ የሚባል ተመራማሪ 36 ጤነኛ ወጣት ወንዶችን ሰበሰበ። በጦርነት የተራበ ሕዝብን መልሶ እንዴት መመገብ እንደሚቻል ለማወቅ ነው። በፈቃዳቸው ስድስት ወር ያህል በግማሽ ሆድ ቆዩ። ክብደታቸው ሩብ ያህል ሲቀንስ ጠባያቸውም አብሮ ተለወጠ። ይበርዳቸዋል፤ ይነጫነጫሉ፤ ከሰው ይሸሻሉ። አንድ ሳህን ምግብ ላይ ሰዓት ይፈጃሉ። አንዳንዶቹማ የምግብ አሠራር መጽሐፍ ማንበብና መሰብሰብ ጀመሩ። ሐኪሟ ስለ እነዚያ ሰዎች ስታወራ እኔ የማየው የእህቴን ልጅ ነበር። በሽታው ካስጀመራት በኋላ ረሃቡ ራሱ በላይዋ ላይ ሌላ ቁልፍ ቆልፎባታል።

ሀገር ቤት ላሉ ዘመዶች ስንናገር አንዱ «ጥጋብ ነው» አለኝ። ሌላው «አኩርፋ ይሆናል፤ ምን ብላችኋት ነው?» አለ። አልፈረድኩባቸውም። በእኛ ቋንቋ አልበላም ያለ ሰው ወይ ታሟል፣ ወይ አኩርፏል፣ ወይ ጠግቧል። አራተኛ ቃል የለንም። «የአመጋገብ መዛባት» የሚባለው ወረቀት ላይ የሚጻፍ እንጂ እናት ለጎረቤቷ የምትናገረው ነገር አይደለም። ፈረንጁም ቢሆን ቃሉን ይዞት አልተወለደም። የእህቴን ልጅ የያዛት፣ ውፍረትን ፈርቶ ራስን ማስራብ፣ አኖሬክሲያ ነርቮሳ ይባላል። ስሙን ለንደን ውስጥ ዊልያም ገል የተባለ ሐኪም ያወጣው በ1870ዎቹ ነው። ያለ ልክ በልቶ ማስመለስን፣ ማለትም ቡሊሚያን፣ ጄራልድ ራስል ለይቶ የጻፈው በ1979 ነው። ሳያስመልሱ ያለ ልክ መብላት ደግሞ በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ራሱን የቻለ ሕመም የተባለው በ2013 ነው፤ ትናንት ማለት ነው።

«የፈረንጅ በሽታ» የሚሉም አሉ። ፊጂ የሚባሉ ደሴቶች አሉ። እዚያም እንደኛ ሞላ ያለ ገላ የሚወደድበት አገር ነበር። አንድ አካባቢ ቴሌቪዥን በ1995 ገባ። አን ቤከር የተባለች የሃርቫርድ ተመራማሪ ተማሪ ልጃገረዶችን ያኔና ከሦስት ዓመት በኋላ ጠየቀች። በመጀመሪያው ጊዜ ለመክሳት ብላ የምታስመልስ አንድም አልነበረችም። በ1998 ከመቶ 11 ገደማ ሆኑ። ያኔ የገባው ቴሌቪዥን ብቻ ነው! እኛ ጋ ደግሞ ስልክ ትራስ ሥር ነው የሚያድረው።

እዚያ የሚወራውም፣ እዚህ የሚታፈነውም ስለ ሥጋ ነው። በሽታው ግን ሁልጊዜ በሥጋ አይታይም። ቡሊሚያ ያለባት ሰው ሚዛኗ እንደማንም ሊሆን ይችላል። ወንዶችም ይታመማሉ፤ ያውም ሳይናገሩ። አዘውትሮ ማስመለስ ፖታሲየም የሚባለውን የሰውነት ማዕድን ያሟጥጣል፤ የልብ ምትንም ያዛባል። ዘፋኟ ካረን ካርፔንተር በ1983 ስትሞት 32 ዓመቷ ነበር፤ አኖሬክሲያ የጎዳው ልቧ ነው የከዳት።

የሚገርመኝ ሕክምናው ነው። ልጅ 18 ሲሞላው ሻንጣውን ይዞ ይወጣል በሚባልበት ዓለም፣ አኖሬክሲያ ለያዛቸው ታዳጊዎች በደንብ የተፈተነው ሕክምና ቤተሰብን ገበታ ዙሪያ መሰብሰብ ሆኖ አገኘሁት። ለንደን ሞድስሊ ሆስፒታል ውስጥ በ1980ዎቹ የተሠራ ዘዴ ነው። ምን፣ መቼ፣ ምን ያህል እንደምትበላ መጀመሪያ የሚወስነው ወላጅ ነው። ልጅቷ ስትበረታ ውሳኔው ቀስ በቀስ ይመለስላታል። «ይህንንማ እናቴም ታውቃለች» ብዬ ሳቅኩ። ቸኩዬ ነበር። የእናቴ ዘዴ ሳህኑን መቆለል ነው። በጣም ለተራበ ገላ ደግሞ ይህ ሊገድል ይችላል። ምግብ በድንገት ሲበዛ በደም ውስጥ ያለው ፎስፌት የሚባል ማዕድን ያሽቆለቁላል፤ ልብ ይታወካል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ከእስር ከተለቀቁ የተራቡ ሰዎች መካከል ምግብ ካገኙ በኋላ የሞቱ ነበሩ። ስለዚህ መጀመሪያ የደምና የልብ ምርመራ፤ ከዚያ ሐኪም በለካው ልክ።

ሌላው ልዩነት አፍ ነው። አይለመንም፣ አይጮኽም፣ አይሰበክም። «ስለ እኔ ብለሽ» የለም። ይህ ለኔ ዓይነቱ ሰው ከባድ ነው። አንድ ማታ ሃምሳ ደቂቃ ተቀመጥን። ምግቡን ጥፍር በማያክል ቁራጭ ቆራርጣዋለች። ማንኪያው ከሳህኑ ይነሳና አፏ ጋ ሳይደርስ ይመለሳል። እንደገና ይነሳል። ይመለሳል። ትዕግሥቴ አለቀና «ዝም ብለሽ አትበይም እንዴ!» ብዬ ጠረጴዛውን መታሁት። ማንኪያዋን አስቀመጠች። አላለቀሰችም። «አጎቴ፣ የምትጮኸው አንተ ብቻ አይደለህም። ጭንቅላቴ ውስጥ ያለውም እየጮኸ ነው። ሁለታችሁን እኩል መስማት አልችልም» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ገበታ ላይ የእኔ ሥራ የማይረባ ነገር ማውራት ሆነ። ስለ ኳስ፣ ስለ ጎረቤታችን ውሻ። ሲያልቅ አንድ ሰዓት ካርታ እንጫወታለን፤ ተነስታ ሽንት ቤት እንዳትገባ ነው። ለምን እንደምንጫወት ሁለታችንም እናውቃለን። ሁሌም ታሸንፈኛለች።

እህቴ ግን ገና «ምን በድያት ነው?» እንዳለች ነው። ሐኪሟ የዘር ድርሻ እንዳለው፣ በ2019 በወጣ ሰፊ ጥናት ከአኖሬክሲያ ጋር የተያያዙ ስምንት የዘረመል ቦታዎች እንደተገኙ አስረድታታለች። እናት በጥናት አትጽናናም። ማታ ኮሪደር ላይ ቆማ በር ስታዳምጥ አገኛታለሁ።

ከዚያ እሁድ በኋላ እማዬን ለብቻዋ ደወልኩላት።

«ታዲያ ምን ልበላት? ልጄ ሞላች ብዬ ደስ አይበለኝ?»

«ደስ ይበልሽ እማዬ። ለሷ አትንገሪያት ነው የምልሽ። ሞላሽ ስትያት እሷ የምትሰማው ወፈርሽ የሚለውን ነው።»

«ደስታን መደበቅ ደግሞ ምን የሚሉት ሕክምና ነው!» አለችና ዘጋችው። ሦስት ሳምንት አልደወለችም።

በአራተኛው እሁድ ደወለች። ልጅቷ ስልኩን ተቀበለችኝ። እኔ ከኋላዋ ቆሜያለሁ። እማዬ ዝም አለች። ግንባሯ ሲኮማተር፣ ያቺ አንድ ዓይኗ የልጅቷን ፊት ስትመዝን አያለሁ። ትንፋሼን ያዝኩ። በልጅቷ ግንባር ዳር ዳር አዲስ ጸጉር በቅሏል፤ አጭር፣ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ማበጠሪያ የማይገዛው።

«ጸጉርሽን ማን ነው የሠራሽ?» አለቻት።

«ራሴ ነኝ እማማ።»

«አላማረም» አለች እማዬ።

የእህቴ ልጅ ሳቀች። ስልኩ እጇ ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር።