ስለ ማርያም፣ አንድ ሃንዳውት

ፍሬሽ ተማሪ ሳለሁ እናቴ ጋ ደወልኩና «እማዬ፣ ለሃንዳውት 300 ብር ላኪልኝ» አልኳት። ትንሽ ዝም ብላ «ሐኪም አየህ?» አለችኝ። በሽታ መስሏት ኖሯል። «ኧረ አይደለም፤ መምህሩ የሚሰጠን ወረቀት ነው» ስላት፣ «እሱ ከሰጣችሁ ታዲያ ብሩ ለምኑ ነው?» ብላ አፋጠጠችኝ። መልስ አልነበረኝም።

መምህሩ የሚሰጠው ለሪፑ፣ ለክፍል ተወካያችን ማለት ነው፤ ሪፑ ለኮፒ ቤት ይሰጣል፤ ኮፒ ቤቱ ግን ለማንም አይሰጥም፣ ይሸጣል። የፈተና ዋዜማ ባሕር ዳር ያለ ኮፒ ቤት በር ላይ የቆመ ሰው ልመና ምን እንደሆነ ያውቃል። «እህቴ፣ በናትሽ፣ የኔን አስቀድሚልኝ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው የምፈተነው!» ማሽኑ ቀለም ጨርሷል፤ ግራፉ የጭስ ምስል ሆኖ ይወጣል። የኔው ሃንዳውት ከገጽ 16 ወደ 18 ዘለለ። ብጠይቅ «ኦርጅናሉም ላይ የለም» ተባልኩ።

ለካ ፈረንጆቹም ቃሉን ሲጀምሩት ለወረቀት አልነበረም። በ1880ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ከከተማ ከተማ የሚንከራተቱ ሰዎች፣ በር አንኳኩተው የሚያገኟትን ቁራሽ ነበር ሃንዳውት የሚሏት። ምጽዋት ማለት ነው። ለታተመ ወረቀት የዋለው ከ40 ዓመት ገደማ በኋላ ነው።

ይህንን ለአጎቴ አጫወትኳቸው። እሳቸው በልጅነታቸው ጎጃም ውስጥ ቅኔ ቤት የከረሙ የቆሎ ተማሪ ነበሩ። ደበሎ ለብሰው፣ አኩፋዳ አንግተው፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ ሲዞሩ ውሻ የነከሳቸው ጠባሳ ዛሬም ቁርጭምጭሚታቸው ላይ አለ።

«አንተ ልጅ፣ ሃንዳውት ማለት ይኼ ከሆነማ ዋናዎቹ እኛ ነና!»

«አዎ ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት።»

ጥቂት አሰብ አደረጉና፣ «ልዩነት ግን አለን» አሉ። «እኛ እንጀራውን እንለምን ነበር፤ ትምህርቱ በቃላችን ነው። እናንተ እንጀራውን ካፌ ቁጭ ብላችሁ ትበሉና ትምህርቱን ትለምናላችሁ።»

ወረቀት ከተነሣ ዘንድ፣ ጣና ዳር ተቀምጦ ደንገልን አለማንሣት ነውር ነው። እንግሊዞች ፔፐር የሚሉት ፓፒረስ ከሚለው ወስደው ነው፤ ፓፒረስ ደግሞ ይኸው ታንኳ የምንሠራበት ደንገላችን ነው። ግብፆች ጻፉበት፣ እኛ ቀዘፍንበት። (ብራና ያለው ሰው ምን ቸገረው!) ወረቀት የሚለውን ቃል ያገኘነው ግን ከዐረብኛ ነው፤ እዚያ ቅጠልም ማለት ነው። ገጽ 17 የት እንደረገፈች የገባኝም ያኔ ነው፤ ቅጠል አይደለች?

ባለፈው ቅዳሜ ሐይቁ ዳር ከአንዲት እናት የ20 ብር ቆሎ ገዛሁ። ከጎናቸው ካለው ክምር አንድ ወረቀት መዘዙ፣ ሾጠጥ አድርገው ጠቀለሉ፣ ገብሱንም ሽምብራውንም ሞሉልኝ። በልቼ ስጨርስ ወረቀቱን ፈታሁት። ከታች መሐል ላይ 17 ይላል። ርእሱም የኛው ኮርስ ነው፤ ፋይናል ላይ ሁለት ጥያቄ የወጣባት ገጽ! ጨውና ገለባዋን አራግፌ ቆሜ አነበብኳት፤ ከኋላዋ የሚቀጥል ነገር አላት።

«እናቴ፣ የዚህ ተከታይ ወረቀት ይኖርዎታል?»

«ቆሎ ግዛና ይወጣልህ ይሆናል፣ ልጄ።»