እርማት፦ የጆርጅ ዋሽንግተን ወፍጮ ቤት በእሱ ዘመን የተሠራው አይደለም

ወንድሜ፣ ቨርጂኒያ (አሜሪካ) ውስጥ ከዋሽንግተን ርስት ከማውንት ቬርነን አጠገብ ያለውን የውሃ ወፍጮ «ጆርጅ ዋሽንግተን ያሠራው ሕንፃ እስካሁን ቆሟል» ብለሃል። ብዙ ሰው እንደዚያ ይላል፤ ግን ልክ አይደለም። ዋሽንግተን በ1771 (እ.ኤ.አ.) እዚያው ወፍጮ ማሠራቱ እውነት ነው። ያኛው ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፈርሷል። አሁን ያለውን የቨርጂኒያ ግዛት መሠረቱን አስቆፍሮ በ1930ዎቹ መጀመሪያ የሠራው ነው። መዘውሩና የማርሽ ጥርሶቹስ? እዚያው ቨርጂኒያ ውስጥ ፍሮንት ሮያል ከተማ አካባቢ ከነበረ ሌላ አሮጌ ወፍጮ የመጡ ናቸው።

ደግሞ የወፍጮውን አሠራር «የቅኝ ግዛት ዘመን ቴክኖሎጂ» ብለኸዋል፤ እሱ ግን የአሜሪካዊው ፈልሳፊ የኦሊቨር ኢቫንስ ዘዴ ነው። እህሉን በቀበቶ ላይ በተደረደሩ ትንንሽ ባልዲዎች ሽቅብ ያወጣል፤ ዱቄቱን ራሱ እየበተነ ያቀዘቅዛል። ለጊዜው ጉድ ነበር! ዋሽንግተን ያስገባው ግን በ1791 ነው፤ ያኔ አሜሪካ ነፃ ወጥታ እሱም ፕሬዚዳንት ሆኗል።