«ሰው አለህ?»

አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ ፍለጋ የተንከራተተ ሁሉ ይህችን ጥያቄ ያውቃታል። ማስታወቂያ አይቶ፣ ማስረጃውን አስገብቶ፣ ተፈትኖ ሲመለስ ጓደኞቹ «ፈተናው እንዴት ነበር?» ከማለታቸው በፊት «እዚያ ቤት ሰው አለህ?» ይሉታል።

እኔ የለኝም ነበር። ቢሆንም አንድ መሥሪያ ቤት የሰጠውን የጽሑፍ ፈተና አለፍኩ፣ ቃለ መጠይቁንም አለፍኩ፣ የቀረኝ የዋስ ፎርም ብቻ ሆነ። ዋሱ ቋሚ ሠራተኛ መሆን አለበት፤ ደመወዙ ከእኔ ማነስ የለበትም፤ መሥሪያ ቤቱም በማኅተም ያረጋገጠ ደብዳቤ ሊጽፍለት ይገባል። አባቴ መንዝ ውስጥ ገብስ አርሶ የሚኖር ገበሬ ነው። እናቴ የምትፈርመው በጣቷ አሻራ ነው። ከዘመድ አዝማዱ ሁሉ በወር ደመወዝ ለመቀበል የመጀመሪያው ሰው እኔ ልሆን ነበር። የተሰጠኝ ጊዜ አንድ ሳምንት ነው። ያገሬን ሰው እያፈላለግሁ ከሳሪስ እስከ ሽሮ ሜዳ ስዞር ሰነበትኩ። ሳምንቱ አለቀ፣ ቦታው ለተጠባባቂው ተሰጠ።

ይህን የምጽፈው የድሮ ቁስል ለመነካካት አይደለም። የቤተሰብ ነገር ልጅን እስከምን ድረስ ተከትሎት እንደሚሄድ የገባኝ ያን ሳምንት ስለሆነ ነው። ዲግሪ ከያዝኩ በኋላ እንኳ የተጠየቅሁት የአባቴን ደመወዝ ነበር ማለት ይቻላል።

ነገሩ የሚጀምረው ግን ከዋስ ብዙ ቀድሞ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ከሰፈራችን ልጆች ጋር ለሦስት ሆነን መሃል ሜዳ ከተማ አንዲት ክፍል ተከራየን። እሑድ እሑድ በሶ፣ ቂጣና ሽሮ ተሸክመን አራት ሰዓት በእግር እንጓዛለን። ስንቁ ሐሙስ ላይ ያልቃል። ዓርብ ሒሳብ የምንማረው በባዶ ሆድ ነበር፤ ከዚያ ወደ ቤት እንሄዳለን፣ ቅዳሜ ከብት ጥበቃና አጨዳ ይጠብቀናል። እስከ ስምንተኛ ክፍል ሁሉንም በአማርኛ የተማረ ልጅ ድንገት ባዮሎጂውም ታሪኩም እንግሊዝኛ ሆኖ ሲመጣበት መጽሐፉን ከመረዳት ይልቅ ይሸመድደዋል። እኛም ሸመደድን። አዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤት ያለ እኩያችን ያን ቋንቋ ከኬጂ ጀምሮ ሲሰማው አድጓል፣ ማታ ደግሞ አስጠኚ ቤቱ ድረስ ይመጣለታል። የፈተናው ወረቀት ግን አንድ ነው።

ከረሃቡ ይልቅ አሁን የሚቆጨኝ የመረጃው ነገር ነው። የዩኒቨርሲቲና የትምህርት ክፍል ምርጫ ፎርም ሲመጣ የቱ መስክ ሥራ እንዳለው፣ የቱ እንደሌለው የሚነግረን አንድም ሰው አልነበረም። አባቴ «አንተ ታውቃለህ ልጄ» አለኝ። ከልቡ ነው፣ ያከብረኛል። እኔ ግን አላውቅም ነበር፤ ስሙ ደስ ያለኝን መርጬ ሞላሁ። የተማረ አባት ያለው ልጅ ያን ማታ ከአባቱ ጋር ቁጭ ብሎ ይመክራል፤ የአባቱ ጓደኛ ጋ ይደወላል። አንድ የስልክ ጥሪ የአንድን ሰው አርባ ዓመት ይወስናል።

በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 896,520 ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909፣ ማለትም 3.3 በመቶው ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ ሆነ፤ 1,328 ትምህርት ቤቶችም አንድ ተማሪ እንኳ አላሳለፉም። በ2017 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል። ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ እንዲሰጥ መደረጉንና ኩረጃው መቆሙን እደግፋለሁ፤ በስርቆት የሚያልፍ ልጅ መጀመሪያ የሚቀማው የደሃውን ልጅ ነው። ግን ያን ጊዜ «ሰነፍ ትውልድ» ያላለ ማን አለ? አንድ ልጅ ሊሰንፍ ይችላል። አንድ ትምህርት ቤት ሙሉ ግን እንዴት ይሰንፋል? መምህር፣ መጽሐፍና ላብራቶሪ ያልደረሰው ልጅ ላይ «ሰነፍ» ብሎ መፍረድ ግፍ ነው። ማለፊያ ነጥብ ላላመጡ የተዘጋጀው የማካካሻ ትምህርት፣ ሪሚዲያሉ፣ መልካም ጅምር ነው፤ የአሥራ ሁለት ዓመት ጉድለት ግን በወራት አይሞላም።

ውጤት ሲገለጽ በጾታ፣ በክልልና በትምህርት መስክ ተለይቶ እንሰማለን። የወላጆች የትምህርት ደረጃ ሲነሳ ግን ሰምቼ አላውቅም። ተማሪው ሲመዘገብ «እናትህ እስከ ስንተኛ ክፍል ተምራለች?» ብሎ መጠየቅ አንድ መስመር ቢጨምር ነው። ካልተጠየቀ ግን ማን እየወደቀ እንደሆነ አናውቅም፣ ካላወቅን የምንረዳውም የለም።

የዋሱ ጉዳይ ደግሞ ዛሬውኑ ሊስተካከል የሚችል ነው። ቀጣሪዎች ገንዘብ ይጎድልብናል ብለው ይሰጋሉ፤ ስጋታቸው ይገባኛል። ሆኖም ሠራተኛ እምነት ቢያጎድል የሚክስ መድን በአገራችን ኢንሹራንሶች ይሸጣል። ቀጣሪው ያን ይግዛ፤ ካስፈለገም ከልጁ ደመወዝ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ይቁረጥ። ገንዘብ የማይነካ ሥራ ላይ ዋስ መጠየቅ ደግሞ ጭራሽ መቅረት አለበት።

እኔ በመጨረሻ ሌላ ቦታ ተቀጠርኩ፤ አንድ ያገሬ ልጅ መምህር ፈረመልኝ። አሁን የሰፈራችን ልጆች ስልክ ወደ እኔ ይመጣል። ባለፈው ወር ለአንዱ ዋስ ሆንኩ። ፎርሙን ስሞላ ልጁ አጠገቤ ቆሞ እጁን ወዲያ ወዲህ ያፍተለትል ነበር። በሁለት ሳምንቱ የአክስቱ ልጅ ደወለች፤ በአካውንቲንግ ተመርቃ ፈተናውን በአንደኝነት አልፋለች። መሥሪያ ቤቴ የዋስትና ደብዳቤ የሚጽፈው ለአንድ ሰው ብቻ ነው። «ጋሼ፣ ሌላ የሚያውቁት ሰው የለም?» አለችኝ። እስከ ዓርብ ጊዜ ሰጥተዋታል።