በር ስለሌላቸው ቤቶች ብቻ አይደለም

ስለ ህንዱ ሻኒ ሺንግናፑር መንደር ያነበብኩት ጽሑፍ፣ ስለ በር አልባ ቤቶቹ አውርቶ ዋናውን ነገር ማለፉ ከንክኖኛል። የመንደሩ ቤተ መቅደስ ራሱ ጣሪያም ግድግዳም የለውም እኮ! በህንድ ማሃራሽትራ ግዛት ሜዳ ላይ የቆመ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ የሳተርን ፕላኔት አምላክ ሻኒ ነው ብለው ዘይት ያፈሱበታል፣ በተለይ ቅዳሜ፣ ቀኑ በሂንዲ ቋንቋ የሚጠራው በእሱ ስም ስለሆነ። በር የማይገጥሙት ደግሞ ሌባን ሻኒ ይቀጣዋል ብለው ስለሚያምኑ ነው። ይሄ ደስ ይላል። ግን ሴቶች ድንጋዩ ወዳለበት መድረክ እንዳይወጡ ስንት ዘመን እንደተከለከሉ እንዴት አንድ መስመር እንኳ አይጻፍም? እ.ኤ.አ. በ2016 ሰልፍ ወጡ፣ ፖሊስ መንገድ ላይ መለሳቸው፣ ጉዳዩ ቦምቤይ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደረሰ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ነው በመጨረሻ መድረኩ ላይ ወጥተው የጸለዩት። የእነሱን ፎቶ ሳይ እንባዬ መጥቷል።