ይድረስ ለሐሳብ መስጫ ሣጥን

ቁጥር፦ አልተመዘገበም
ለክቡር የሐሳብ መስጫ ሣጥን
በተሰቀሉበት

ጉዳዩ፦ ሆድዎን እንዲከፍቱልን ስለመጠየቅ

ይህ ደብዳቤ በቀዳዳዎ ስለማይገባ በአደባባይ ጽፈነዋል፤ ይቅርታ።

እርስዎ የሌሉበት ወረዳ የለም። መግቢያው ላይ፣ ልክ ከጥበቃው ወንበር ትይዩ ተሰቅለዋል። አንዱ ጋ ጣውላ ነዎት፣ ሌላው ጋ አልሙኒየምና መስታወት፤ ግንባርዎ ላይ ያለው ጽሑፍ ግን ያው ነው፦ «አስተያየትዎ ለሥራችን ግብዓት ነው»። ጎንዎ በሲባጎ የታሰረ እስክሪብቶ አለ። ቀለሙ አልቋል፤ ሲባጎው ግን ጠንካራ ነው።

ተገልጋይ ቅጹን ይሞላል፦ ስም፣ ስልክ፣ የጠየቀው አገልግሎት፣ እርካታ። ስሙን ከጻፈ አለቀለት፤ ፋይሉን የያዘው ባለሙያ ማን እንደከሰሰው ያውቃላ። ካልጻፈ ደግሞ «ባለቤት የሌለው ቅሬታ» ተብሎ ይጣላል። ይህን ሁሉ አልፎ አፍዎ ውስጥ የገባውን ወረቀት ጓጉንቸር ይጠብቀዋል። ቁልፉስ? ቅሬታ የተጻፈበት ኃላፊ መሳቢያ ውስጥ። እሱ ስብሰባ ላይ ነው።

የሩብ ዓመት ሪፖርት ሲደርስ ሦስት ሰው ኮሚቴ ሆኖ ይከፍትዎታል። የማስቲካ ልጣጭ፣ ያልወጣ ሎተሪ፣ የደላላ ካርድ፤ ከሥር ደግሞ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት፦ «ውሃ ካየን ሁለት ወራችን»። ቃለ ጉባኤ ይያዛል። ከዚያ ነገሩ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ይቀጥናል፤ ወረዳ ላይ «የውሃ መቆራረጥ» ነው፣ ክፍለ ከተማ ላይ «የመሠረተ ልማት ውስንነት»፣ ከዚያ በላይ «አንዳንድ የመልካም አስተዳደር ችግሮች»። አናት ላይ ያሉት ሰውዬ ዘንድ ሲደርስ ውሃ የሚል ቃል የለበትም። እሳቸው ግቢ ደግሞ ታንከር አለ።

ቁልፉ ከጠፋማ እሰየው ነው። ያልተከፈተ ሣጥን ቅሬታ አይኖረውም፤ ሪፖርቱም «ከተገልጋይ የቀረበ ቅሬታ የለም» ይላል። ሐሰትም አይደለም።

በዚህ ረገድ ታላቅ ወንድምዎን የምርጫ ኮሮጆን ነው የመሰሉት። እሱ በአምስት ዓመት አንዴ ብቅ ይላል። በ2002 ዓ.ም. ከ547 የፓርላማ ወንበር 545ቱን፣ በግንቦት 2007 ደግሞ 547ቱንም ለያኔው ገዢ ግንባር ለኢሕአዴግና ለአጋሮቹ አስረከበ። መቶ በመቶ እርካታ! ስድስት ወር ሳይሞላ፣ ኅዳር 2008 ላይ፣ ኦሮሚያ ውስጥ መንገዱ በተቃውሞ ተሞላ። ላይ ያሉት ቢደነግጡ አይፈረድባቸውም፤ ሣጥኑ ባዶ ነበራ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ላይ ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተወካይ ከቦታው ማንሳት እንደሚችል ጽፏል። በየትኛው መስኮት እንደሚስተናገድ ግን ጥበቃውን ብንጠይቀው «ነገ ተመለሱ» ነው የሚለን። (በጃንሆይ ጊዜ መኪናቸው ፊት ወድቆ አቤት ማለት ነበር። ዛሬ አጀብ ሊያልፍ ሲል መንገዱ ቀድሞ ስለሚዘጋ መውደቂያውም የለም።)

የምንለምንዎ ትንሽ ነው። አንድ ጓጉንቸር ይጨምሩ፤ አንዱ ቁልፍ ጽሕፈት ቤቱ ጋ፣ ሌላው የሰፈሩ ሰው የመረጠው ሽማግሌ ጋ ይሁን፣ ሁለቱ ካልተገናኙ እንዳይከፈቱ። ቅጹ ቁጥር ያለው ጉርድ ይኑረውና ቅሬታውን የጻፈው ሰው ይዞት ይሂድ፤ ስም አያስፈልግም። ዓርብ ዓርብ ይከፈቱ። መልሱ በጉርዱ ቁጥር ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ «አይቻልም» እንኳ ቢሆን ለምን እንደማይቻል ተጽፎ። ወጪው በአንድ የንቅናቄ መድረክ ላይ ከሚታደለው የታሸገ ውሃ አይበልጥም። እባክዎ፣ ከጥበቃው ዓይን ሥርም ዞር ይበሉልን።

ከሰላምታ ጋር
ተገልጋዮች (ሰልፍ ላይ)

ግልባጭ፦
ለቁልፍዎ
ባለበት