ቀለሙንና ኮላውን ከሱቁ ግዙ

ልጄ የመጀመሪያውን የአውሮፕላን ሞዴል የገጣጠመው በዘጠኝ ዓመቱ ነው። በ1/72 መጠን የተሠራ ስፒትፋየር ነበር፤ ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 16 ሴንቲ ሜትር አይሞላም። ክንፉም አካሉም ደህና ገጠሙለት። የአብራሪውን መስታወት ሲያጣብቅ ግን ጣቱ ላይ ኮላ ቀርቶ ኖሮ፣ ጥርት ያለው ፕላስቲክ ቀልጦ የጣቱ አሻራ ታተመበት። ልጁ እንባው መጣ።

በማግስቱ እዚህ ለንደን፣ ከቤታችን በአውቶቡስ ሃያ ደቂቃ ወደሚያስኬድ የሞዴል ሱቅ ይዤው ሄድኩ። ባለሱቁ ሽማግሌ አውሮፕላኑን ወደ መስኮቱ አስጠግተው ተመለከቱት። የሞዴል ኮላ የሚያጣብቀው ፕላስቲኩን እያቀለጠ ስለሆነ ለመስታወት እንደማይሆን፣ ለእሱ የሚበጀው የአናጢዎች ነጭ ኮላ እንደሆነ ነገሩት። ሲደርቅ ጥርት ይላል፤ ሳይደርቅ ከተበላሸም በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። ከዚያ ከባንኮኒው ሥር ቁራጭ ፕላስቲክ አወጡና በስቴኪኒ ጫፍ እንዴት በስሱ እንደሚቀባ አሳዩት። አሥር ደቂቃ ፈጀባቸው። የገዛናቸው አንዲት ትንሽ ጠርሙስ ኮላ ብቻ ነው።

ያ ሱቅ ዛሬ የለም፤ ተዘግቷል። «ሁሉም ነገር በስልክ በሚታዘዝበት ዘመን ሱቅ ምን ያደርጋል?» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። ኪቱ፣ ማለትም የሞዴሉ ተገጣጣሚ ክፍሎች ያሉበት ጥቅል፣ በእርግጥ ይታዘዛል፣ ብዙ ጊዜም በርከስ ያለ ዋጋ። እኔ ራሴ እዚያው ሱቅ ውስጥ ሳጥን አገላብጬ አይቼ፣ ማታ ቤቴ ገብቼ ከኢንተርኔት አዝዤ አውቃለሁ። ያተረፍኩት አራት ፓውንድ ነው። ሱቁ ተዘግቶ ሳየው የቆጨኝም ያ ነገር ነው።

ሞዴል መገጣጠም በእንግሊዝ በየቤቱ የገባው በሱቅ በኩል መሆኑን ብዙ ሰው አያስታውስም። ሞዴል አምራቹን ኤርፊክስን እ.ኤ.አ. በ1939 ያቋቋመው ኒኮላስ ኮቭ የሃንጋሪ ተወላጅ ነው፤ ድርጅቱ መጀመሪያ የሚሠራው በአየር የሚነፉ የጎማ አሻንጉሊቶችን ነበር። የጥንቱን እንግሊዛዊ መርከበኛ የፍራንሲስ ድሬክን መርከብ በፕላስቲክ ኪት እንዲያወጣ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሐሳቡን ያመጣለት የዉልዎርዝ ሱቆች ዕቃ ገዢ ነው። ዋጋው ከ2 ሺሊንግ፣ ማለትም ከፓውንድ አንድ አሥረኛ፣ እንዳያልፍ የካርቶን ሳጥኑ ቀረና ኪቱ በላስቲክ ከረጢት ተሸጠ። ከዚያ ስፒትፋየር ተከተለ። ገበያውን የሚያውቀው ባለሱቁ ነበር፤ ልጅ ኪሱ ውስጥ ስንት ሳንቲም ይዞ እንደሚመጣ በየቀኑ ያያል። ዉልዎርዝ ግን በእንግሊዝ የቀሩትን ሱቆቹን በጥር 2009 ዘጋ፣ ከ40 በላይ ሱቅ የነበረው ሞዴልዞንም በ2013 ከሰረ።

የቀሩትን የሞዴል ሱቆች ለማቆየት ከእኛ ብዙ አይጠበቅም። ኪት አንድ ሰው በወር አንዴ ቢገዛ ነው። ቀለም፣ ኮላ፣ ምላጭ፣ ብርጭቆ ወረቀት ግን ቶሎ ቶሎ ያልቃል። ሀምብሮል የሚባለው የሞዴል ቀለም ትንሿ ቆርቆሮ 14 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው የምትይዘው። እነዚህን ሁልጊዜ ከሱቁ መግዛት ባለሱቁን በየሳምንቱ ደንበኛ እንዲያይ ያደርገዋል። ለእኛም ይሻለናል፤ የስልክ መስታወት የቀለምን መልክ ያሳስታል፣ ተቀጣጣይ ቀለም ደግሞ በአውሮፕላን ሲጓጓዝ አደገኛ ዕቃ ነው። አዲስ አበባ ላለው የእህቴ ልጅ ኪቱን በሻንጣ ወስጄለታለሁ፤ የቀለሙን ቆርቆሮ ግን ሻንጣ ውስጥ መክተት አይፈቀድም።

ሱቅ የሌለ የሚመስላችሁ ደግሞ የባቡር ሞዴል የሚሸጡትን ጠይቁ። እኛ አሁን የምንሄድበትን ያገኘነው እንዲያ ነው፤ ከፊት ለፊት ሐዲድና ፉርጎ ብቻ ይታያል፣ ጀርባው ላይ ሁለት መደርደሪያ ሙሉ አውሮፕላንና ታንክ አለ። በየዓመቱ ኅዳር ላይ ቴልፎርድ ከተማ በሚደረገው ትልቅ የሞዴል ትርኢትም ነጋዴዎች ከየአገሩ ይመጣሉ። ሱቃቸው የት እንደሆነ ጠይቃችሁ አድራሻ ያዙ።

ለባለሱቆችም የምለው አለኝ። አንድ ጠረጴዛና አራት ወንበር አስቀምጡ፤ ቅዳሜ ከሰዓት ልጆች ቁጭ ብለው ይገጣጥሙ። ልጄ አሁን የሚሠራው በእንግሊዞች አጠራር ዳኮታ የሚባለውን ሲ-47 ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው በዚህ ዓይነት አውሮፕላን ነው። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ምልክት የእንግሊዝ አየር ኃይል ስለሆነ ሰንደቅ ዓላማችንን በእጁ መቀባት ነበረበት፤ አረንጓዴውን ቀድሞ ሊቀባ ብሩሹን ሲያነሳ የሱቁ ባለቤት ሴትዮ ያዝ አደረጉት። ፈካ ያለው ቀለም ይቀድማል፤ ቢጫውን በሰፊው ቀብተህ ሲደርቅ መሐሉን በቀጭን ፕላስተር ሸፍነው፣ አረንጓዴውንና ቀዩን ከላይና ከታች አድርግ አሉት። ይህን ሁሉ ያስረዱት ባንኮኒው ላይ ተደግፈው፣ ሌላ ደንበኛ እየጠበቃቸው ነው። ጠረጴዛ ቢኖር ቁጭ ብሎ ይቀባው ነበር፤ እኔም ፕላስተሩን፣ ቢጫውንና ቀዩን እዚያው ገዝቼ አቀብለው ነበር።