የሚታይ ጊዜ

በምኖርበት ሜሪላንድ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች የሚማሩበት ክፍል ውስጥ በረዳትነት እሠራለሁ። እዚያ ልጅን «ትንሽ ቆይ» ብሎ መተው የለም። የቀኑ ሥራ ግድግዳው ላይ በሥዕል ተደርድሯል፤ ልጁ አንዱን ሲጨርስ ሥዕሉን ራሱ ነቅሎ ሳጥን ውስጥ ይከታል። ጠረጴዛው ላይ ያለው ሰዓት ቀይ ክብ አለው፤ ደቂቃው ባለፈ ቁጥር ቀዩ ይጠባል፣ ሲያልቅ ጨዋታውም ያልቃል። ይህን በሥዕል የማሳየት ልማድ በሰፊው ያስተማረው እ.ኤ.አ. በ1972 በሰሜን ካሮላይና የተቋቋመው ቲች የተባለ ፕሮግራም ነው። ብዙዎቹ ልጆች ያዩትን ይይዛሉ፤ «በኋላ» ሲባሉ ግን መጨረሻው አይታያቸውም። ሲጮኹ ሰው ቅብጠት ይለዋል። ጭንቀት ነው።

ደብረ ማርቆስ ያለው የእህቴ ልጅም ኦቲዝም አለበት። «አሁን እንሄዳለን» ይባላል፤ ጎረቤት ብቅ ይላል፣ ወሬው ይደራል፣ ልጁ ጆሮውን ይዞ ይጮሃል። ቡና ሲፈላ ግን ሌላ ልጅ ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፤ ስኒው ሲዞር በዓይኑ ይከተላል። ረከቦቱ ሲነሳ ማንም ሳይነግረው ጫማውን ይዞ በር ላይ ይቆማል፤ ከቡና በኋላ አያቱ ቤት እንደሚሄዱ ያውቃል። በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔዓለም መሆኑን አይስትም። ረቡዕና ዓርብ ወተት ቢሰጡት ስኒውን ይመልሳል።

እውነቱን ለመናገር፣ ለእንዲህ ዓይነት ልጅ የጎጃም ቀን ከሜሪላንዱ የተሻለ ቅርጽ አለው። እዚህ በረዶ ጥሎ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሥዕሉም ቀይ ሰዓቱም ክፍሉ ውስጥ ይቀራሉ፤ እናት ደግሞ ሁለት ሥራ ላይ ናት። ለእረፍት ልጅ ይዛችሁ አገር የምትገቡም ልብ በሉ፦ ስልኩ 9 ሰዓት እያለው ዘመዱ ሁሉ 3 ሰዓት ይለዋል። ከመነሳታችሁ በፊት አስረዱት፣ በሥዕልም አሳዩት።

አገር ቤት የጎደለው የቤት ሥርዓት አይደለም። እህቴ የአልጋውን፣ የቁርሱን፣ የአያቱን ቤት ፎቶ በስልኳ አንስታ ፎቶ ቤት አሳጥባ በር ላይ ለጥፋለች፤ ጩኸቱም ቀንሷል። ትምህርት ቤት ግን «አይቀመጥም» ብሎ መልሶታል። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 የከፈቱት ጆይ የኦቲዝም ማዕከል አዲስ አበባ ነው፤ ከማርቆስ ዓባይን ተሻግሮ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ። በየቀኑ የሚመላለሱበት መንገድ አይደለም። ማርቆስ ውስጥ አንድ ክፍል፣ ሥልጠና ያገኘ አንድ መምህርና አንድ ግድግዳ ሥዕል ቢገኝ ልጁ ነገውኑ መማር ይጀምራል።